ለከፈልነው ፍጥነት የደረሰን ስንቱ ነው?

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች የመጡት ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች ነው። ሦስቱም ጸሐፊዎች የቤት ኢንተርኔታቸው ከሚከፍሉት ገንዘብ ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ አንባብያንን የሚመለከት ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከስምንት ወራት በፊት «እስከ 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ» የሚል የፋይበር ኢንተርኔት አስገብቼ ክፍያውን አንድም ወር ሳላጓድል እከፍላለሁ። ይሁን እንጂ ማለዳ በኮምፒውተሬ ፋይል ሳወርድ የማየው ፍጥነት 2.2 ብቻ ነው። ማታ ልጄ በኢንተርኔት የምትማረውን ትምህርት ስትከታተል ደግሞ 0.4 ላይ ይወርድና የመምህሯ ምስል ደርቆ ይቀራል። ቦሌ የምትኖረው እህቴ ለዚሁ ፓኬጅ ከእኔ እኩል ትከፍላለች፤ እሷ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለም። አቅራቢው ድርጅት ዘንድ ስደውል «ወደ 50 ሜጋ ያሳድጉት» ይሉኛል። የምከፍለው ዋጋ ተገቢ ነው? ባሳድገውስ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከቅሬታዎ ግማሹ ከመለኪያ አለመግባባት የመጣ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ግን እውነተኛና ከባድ ስለሆነ ሁለቱን ለይተን ማየት ይኖርብናል። ድርጅቶች ፍጥነትን የሚሸጡት በሜጋ ቢት ሲሆን ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ማለዳ ያዩት 2.2 ሜጋ ባይት በስምንት ሲባዛ 17.6 ሜጋ ቢት ይሆናል። በተጨማሪም በመስመሩ ላይ ከሚያልፈው መረጃ ከመቶ አምስት ያህሉ ለአድራሻና ለማሸጊያ የሚውል በመሆኑ፣ 20 ሜጋ ቢቱ ሳይሸራረፍ ቢደርስዎ እንኳ በኮምፒውተርዎ ላይ ከ2.4 በላይ አያዩም። ስለዚህ ማለዳ የተሸጠልዎት ፍጥነት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነውና በዚያ ሰዓት ተጎድተዋል ማለት አይቻልም። ማታ የሚያዩት 0.4 ግን 3.2 ሜጋ ቢት ብቻ ነው፤ ይህም ከተዋዋሉት ስድስተኛውን እንኳ አይሞላም። ቤተሰብ ሁሉ ቤት በሚሆንበትና ኢንተርኔቱ በእርግጥ በሚፈለግበት ሰዓት የሚደርስዎት ይኸው ነው።

ወደ ድርጅቱ ከመሄድዎ በፊት ችግሩ ከቤትዎ ውስጥ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ይህን የምለው ከራሴ ገጠመኝ ተነሥቼ ነው። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ሲሆን ፋይበር ያስገባሁ ሰሞን መኝታ ቤት ውስጥ ከ3 ሜጋ ቢት በላይ አይደርሰኝም ነበር። ራውተሩ ሳሎን ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ ኋላ ተቀምጧል፤ የቡፌው ጀርባ ደግሞ መስታወት ነው። ፊት ማሳያ መስታወት ከበስተኋላው የብረት ቅብ ስላለው የዋይፋይን ሞገድ ወደመጣበት ይመልሳል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የኮንክሪት ግድግዳም የተረፈውን ያዳክማል። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ሳገናኘው ፍጥነቱ 18 ሜጋ ቢት ሆነ። ራውተሩን ከቡፌው አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ከፍ አድርጌ ስሰቅለው መኝታ ቤቱም 15 አገኘ። አንድም ብር አላወጣሁም።

ስለዚህ ልኬቱን በገመድ ያድርጉት። በዚያ ጊዜ የሌሎቹን ስልኮች ዋይፋይ ይዝጉ፣ ቴሌቪዥኑንም ከኢንተርኔቱ ያላቅቁ። በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በየቀኑ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ቀትር ላይ እና ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይለኩና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማውረጃውን ፍጥነት፣ የመላኪያውን ፍጥነት እንዲሁም በሚሊ ሰከንድ የሚሰጠውን መዘግየት በደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ የውጤቱን ገጽም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ስፒድቴስት የተባለው መለኪያ ሰርቨር (ልኬቱ የሚደረግበትን የሩቅ ኮምፒውተር) ለመምረጥ ስለሚፈቅድ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ካለ ሰርቨር ጋር፣ ሌላ ጊዜ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ይለኩ። የሁለቱ ልዩነት ብዙ ይናገራል። ሀገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚሄደው መረጃ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤት ሀገራት በኩል አልፎ ነው ከባሕር ሥር ገመዶች የሚደርሰው። በመሆኑም ማታ የአዲስ አበባው ሰርቨር 18፣ የአውሮፓው 3 ካሳየዎት መጨናነቁ ወደ ውጭ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ጠባቡ ቦታ ከሰፈርዎ ብዙም አይርቅም።

ማታ ማታ የሚጠበው ለምን እንደሆነና ማሳደጉ ይጠቅምዎት እንደሆነ አንድ ቀላል ስሌት ያሳየናል። ለቤት ፋይበር በስፋት የሚያገለግለው ጂፖን የተባለው ቴክኖሎጂ በአንድ የፋይበር መስመር በሰከንድ 2,488 ሜጋ ቢት ያወርዳል፤ ይህም በመከፋፈያ አማካይነት በአብዛኛው ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይዳረሳል። 64ቱም ቤቶች በአንድ ሰከንድ ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ 38 ሜጋ ቢት ያህል ይደርሰዋል፤ ይህ እርስዎ ከተዋዋሉት 20 ሜጋ ቢት በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። ከሕንፃዎ እስከ አቅራቢው የሰፈር ማዕከል ያለው ፋይበር በዚህ መንገድ የተዘረጋ ከሆነ መታነቂያው እዚያ ላይ አይደለም ማለት ነው። መታነቂያው ያለው ከዚያ በላይ፣ የሰፈሩ ማዕከል ከዋናው መረብ ጋር በሚገናኝበት መስመር ወይም ወደ ውጭ በሚወጣው በኩል ነው። የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ኑሮ ይህን ያባብሰዋል። የካ አባዶ፣ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ቀን ቀን ግማሽ ባዶ ናቸው፤ ነዋሪው ወደ መሀል ከተማ ለሥራ ወርዶ ማታ በአንድ ጊዜ ይመለስና ሁሉም ስልኩንና ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። እህትዎ ያሉበት አካባቢ ቢሮ የሚበዛበት ስለሆነ መስመሩ የሚጨናነቀው ቀን ነው፤ እሷ ከሥራ ስትገባ ሌላው ይለቅላታል። የሁለታችሁ ፓኬጅ አንድ ቢሆንም የምትጋሩት መንገድ አንድ አይደለም።

እንግዲህ 50 ሜጋ ቢት ቢገዙ ከደጅዎ ያለው በር ይሰፋል እንጂ መንገዱ አይሰፋም። ማለዳ ተጨማሪ ፍጥነት ያገኙ ይሆናል፤ ማታ ግን ከዚያው 3 ሜጋ ቢት አካባቢ ብዙም ፈቀቅ አይሉም። በገመድ ያደረጉት የምሽት ልኬት ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ አሳድጉ የሚል ምክር የሚሰጥ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ደንበኛውን እየጎዳ ነውና፣ እባክዎ ምንም ተጨማሪ ክፍያ አይፈጽሙ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ በወር ስንት እንደሚከፍሉ አልጻፉልንምና ለስሌት እንዲመች 1,000 ብር እንበል። በውሉ መሠረት አንድ ሜጋ ቢት 50 ብር ያወጣል። ማታ በሚደርስዎት 3.2 ሲካፈል ግን አንዱ ሜጋ ቢት ከ312 ብር በላይ ይሆናል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ማለዳ የሚከፍሉት ዋጋ ተገቢ ነው፣ ማታ የሚከፍሉት ተገቢ አይደለም፤ ጥፋቱም ያለው በዋጋው ላይ ሳይሆን «እስከ» በምትለው ቃል ላይ ነው። «እስከ 20» ጣራውን ይነግረናል፤ ወለሉን አይነግረንም። ወለል የሌለው ውል ደግሞ የመጨናነቁን ዕዳ በሙሉ በከፋዩ ላይ ይጥላል። አቅራቢዎች መሣሪያውን ከውጭ በዶላር እንደሚያስገቡ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላም ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን እንዳለፈ አልዘነጋሁም። ይህ ግን የዋጋን መጨመር ያስረዳ እንደሆነ እንጂ የተሸጠውን ፍጥነት አለማድረስን አያስረዳም።

ሌሎች ሀገራት ይህን ጉዳይ በሕግ ይዘውታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ የቤት ኢንተርኔት ውል ዝቅተኛውን፣ በመደበኛነት የሚገኘውን፣ ከፍተኛውንና በማስታወቂያ የተነገረውን ፍጥነት ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ጀርመን ከታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደንበኛው በሦስት ቀናት 30 ልኬት አድርጎ ፍጥነቱ ከውሉ በእጅጉ ማነሱን ካሳየ ክፍያውን በዚያው መጠን እንዲቀንስ ወይም ውሉን እንዲያቋርጥ ፈቅዳለች። በእኛ ሀገር በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘርፉን ይቆጣጠራል፤ የደንበኞችን ቅሬታም ይቀበላል። ቅደም ተከተሉን ግን ይጠብቁ። በመጀመሪያ ልኬትዎን አያይዘው ለአቅራቢው በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የቅሬታ ቁጥር ይቀበሉ፤ ምላሽ ካላገኙ ወይም ምላሹ ካላጠገብዎት ያንኑ ፋይል ይዘው ወደ ባለሥልጣኑ ይሂዱ። በማመልከቻዎ ላይ «ኢንተርኔቴ ደካማ ነው» ብለው አይጻፉ፤ «በእነዚህ ቀናት፣ በዚህ ሰዓት፣ በገመድ ተለክቶ ይህን ያህል ነው፤ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት የምታረጋግጡልኝ ዝቅተኛ ፍጥነት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከአንድ ሕንፃ አሥር ቤቶች ይህን አንድ ላይ ቢያመለክቱ ለቸልታ የሚመች ጉዳይ አይሆንም፤ በየብሎኩ የነዋሪዎች ኮሚቴ ስላለ መጀመሪያ እዚያ ያንሡት።

በነገራችን ላይ ኢንተርኔት ርካሽ ነው ወይስ ውድ ነው የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ያስቀመጠው ግብ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ መነሻ የሆነው አገልግሎት ከአማካይ የነፍስ ወከፍ ወርኃዊ ገቢ ከመቶ ሁለት በታች ይሁን የሚል ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የቤት ብሮድባንድን ዋጋ ሲያነጻጽር የሚወስደው መነሻ ግን በወር 5 ጊጋ ባይት ብቻ ነው፤ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት ሊወስድ ስለሚችል ይህ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ይህ መለኪያ የእርስዎን ቤት ሁኔታ አይገልጽም።

ጉዳይዎ እስኪፈታ ድረስ ለልጅዎ አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። ለአንድ ሰው የቪዲዮ ትምህርት 3 ሜጋ ቢት ያህል ብቻውን ካገኘው ይበቃል። ችግሩ ቴሌቪዥኑ ለጥራት ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢት መፈለጉ፣ ስልኮቹም ፎቶ ወደ መጠባበቂያ ማከማቻ በራሳቸው መላካቸው ነው። በትምህርቱ ሰዓት እነዚህን ያቁሙላት፤ እሷንም በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ያገናኟት።

ጥያቄ፦ ፉሪ አካባቢ በግል ቤት እኖራለሁ። ፋይበር መንደራችን ገና አልገባም። አንዱ የመዳብ ስልክ መስመር አስገብተህ ኢንተርኔት ቀጥልበት ይለኛል፤ ሌላው በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ግዛ ይለኛል። ቤቴ የቆርቆሮ ክዳን ነው። የትኛው ያዋጣኛል?

መልስ፦ በመዳብ ገመድ ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል የተባለው ኢንተርኔት በርቀት ይዳከማል። የተሻሻለው ዓይነት ከማዕከሉ አጠገብ እስከ 24 ሜጋ ቢት ሊሰጥ ይችላል፤ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ሲርቅ ግን ወደ ጥቂት ሜጋ ቢት ይወርዳል። ስለዚህ መስመሩን ከመግዛትዎ በፊት ቴክኒሻኑን «የገመዱ ርዝመት እስከ ማዕከሉ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ከአራት ኪሎ ሜትር ካለፈ ገንዘብዎን ይያዙ።

4ጂውን ሳይገዙ መሞከር ይቻላል። ሊገዙ ያሰቡትን ድርጅት ሲም ካርድ ስልክዎ ውስጥ አስገብተው፣ ራውተሩ በሚቀመጥበት መስኮት አጠገብ ሆነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይለኩት። ቆርቆሮ ሞገድን ስለሚመልስ ቤት መሀል ያለው ውጤትና መስኮት ዘንድ ያለው በእጅጉ ይለያያሉ፤ ራውተሩም ማማው ወደሚታይበት አቅጣጫ በተከፈተ መስኮት ላይ መቀመጥ አለበት። ከሁሉ በላይ ሒሳቡን ይሥሩት። የሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በፍጥነት ሳይሆን በመጠን ነው። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ጥራት ያለው ቪዲዮ የሚታይበት ቤት በወር እስከ 180 ጊጋ ባይት ሊጨርስ ይችላል። ለመልእክት፣ ለዜናና ለልጆች የቤት ሥራ ከሆነ ግን ፋይበሩ እስኪደርስ 4ጂው ይሻልዎታል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት እያለም መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ይቆረጥና ለቀናት እንቀራለን። ባለፈው ወር ስድስት ቀን አልሠራልንም፤ ሒሳቡ ግን ሙሉ ሆኖ መጣ። ላልተጠቀምኩበት ቀን መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ ሁለቱን መቋረጦች ይለዩዋቸው፤ ኃላፊነታቸው የተለያየ ነው። ከማዕከሉ እስከ ቤትዎ ያለው የጂፖን ፋይበር መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ የለውም፤ መከፋፈያው ራሱ ብርሃንን የሚከፋፍል መስታወት ነው። ማዕከሉ በጄኔሬተር ወይም በባትሪ እየሠራ ከሆነ የጠፋው የእርስዎ ራውተር ብቻ ነው ማለት ነው። ራውተሩ በአብዛኛው በ12 ቮልት ስለሚሠራና የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ፣ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ለሰዓታት ያቆየዋል። ሲገዙ የራውተሩ የኤሌክትሪክ መሰኪያ (አዳፕተር) ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ከባትሪው ጋር ያመሳክሩ። ለዚህ የመብራት መጥፋት ኢንተርኔት አቅራቢውን መክሰስ አይቻልም።

የተቆረጠው ፋይበር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ራውተሩ ላይ «LOS» (ኤል.ኦ.ኤስ.) የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ መብራት ቀይ ሆና ከበራች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች፣ ብርሃኑ ከማዕከሉ እየደረሰ አይደለም። መጀመሪያ ከግድግዳው ወደ ራውተሩ የሚመጣውን ቀጭን ገመድ ይመልከቱ፤ ከሶፋ ኋላ ተጨፍልቆ ወይም በበር ተቀርቅሮ ከታጠፈ ብርሃኑ እዚያው ይባክናል። እሱ ደህና ከሆነ ብልሽቱ ከቤትዎ ውጭ ነውና መብራቷን ሰዓት በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሡ፣ ወዲያው ደውለው የብልሽት ቁጥር ይቀበሉ። ቆጠራው የሚጀምረው ካስመዘገቡበት ሰዓት ነውና ጎረቤት አስመዝግቦልኛል ብለው አይተዉት። ፋይበሩን የቆረጠው የመንገድ ተቋራጭ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርስዎ ውል የገቡት ከተቋራጩ ጋር አይደለም። ገንዘብ የተቀበለው አቅራቢው ስለሆነ ተቋራጩን መጠየቅ የእሱ ድርሻ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት ለእነዚያ ስድስት ቀናት መክፈል አይገባዎትም። ወርኃዊ ክፍያው 1,000 ብር ቢሆን የአንድ ቀን ድርሻ 33 ብር ከ33 ሳንቲም ነው፤ የስድስቱ ቀን 200 ብር ይሆናል። ውልዎ ላይ ስለ አገልግሎት መቋረጥ የተጻፈውን አንቀጽ አውጥተው ያንብቡና፣ የብልሽት ቁጥሩን፣ የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ቀን ጠቅሰው ያ ገንዘብ ከሚቀጥለው ወር ሒሳብ እንዲቀነስልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙት፤ ወደ ባለሥልጣኑ መሄድ ካስፈለገ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።